ጓዳ የሌለው ቤት

ሐበሻ ቤት ሲሠራ የሚያስበው ስለ ሳሎኑ ነው፤ የሚኖረው ግን ጓዳው ውስጥ ነው። ሳሎን ይጠረጋል፣ ሶፋው ዳንቴል ይለብሳል፣ ቡፌ ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎች ዓመት በዓል ካልመጣ ከቦታቸው አይነቃነቁም። ጓዳ ሌላ ዓለም ነው። እንግዳ ሲያንኳኳ ያልታጠፈው ልብስ ተጠቅልሎ የሚወረወረው እዚያ ነው። ወጡ እንደማይበቃ በዓይን የሚነገረው፣ የረበሸ ልጅ ድምፅ በማያሰማ ቁንጥጫ የሚመከረው፣ ባልና ሚስት ለወሩ የቀረችውን ገንዘብ የሚቆጥሩት እዚያ ነው። የተጣላ ዘመድ ሳሎን ውስጥ ሊታረቅ ይችላል፤ ምን ብሎ እንደሚታረቅ ግን አስቀድሞ ጓዳ ገብቶ ይመካከራል።

ስለ ጓዳ ይህን ያህል የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። በዓለም ላይ እጅግ ከሚወደዱት ቤቶች መካከል ጓዳ የሌላቸው አሉ። ኒው ዮርክ፣ ማንሃተን ውስጥ፣ ከሃውስተን ጎዳና በስተደቡብ ሶሆ የሚባል ሰፈር አለ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ለፋብሪካና ለመጋዘን የተሠሩ ሕንፃዎች ዛሬ ፎቅ በፎቅ መኖሪያ ሆነው ይሸጣሉ። ሎፍት ይባላሉ። ዋጋቸው የሚጠራው በሚሊዮን ዶላር ነው።

የሶሆ ደላላ ቤቱን ሲያሞግስ መስማት ነው። ግድግዳው ያልተለሰነ፣ ጡቡ እንዳለ የሚታይ፤ ቧንቧው ያልተቀበረ፤ ወለሉ ማሽን የተተከለበት ጠባሳ ያለው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድም ክፍል ያልተከፈለለት! ይህን ሁሉ የሚዘረዝረው ዋጋ ለመጨመር ነው። የእኛ አገር ገዢ ደግሞ ይህንኑ ዝርዝር አንድ በአንድ ይዞ ዋጋ ያስቀንስበት ነበር። «ልስኑን ጨርስልኝ፣ ቧንቧውን ቅበርልኝ፣ ክፍሉን ክፈልልኝና ከዚያ እንነጋገር» ይላል።

ቤቱ ግን እንዲህ የሆነው ለቄንጥ አልነበረም። መስኮቱ የገዘፈው የኤሌክትሪክ መብራት ባልነበረበት ዘመን ሠራተኛው በፀሐይ ብርሃን መሥራት ስለነበረበት ነው። ኮርኒሱ ከፍ ያለው ብርሃኑ ወደ ውስጥ ዘልቆ እንዲገባ ነው። ክፍል የሌለው የጨርቅ ጥቅልና ማሽን እንደ ልብ እንዲንቀሳቀስ ነው። የሕንፃው ፊት ደግሞ ከሩቅ ሲያዩት የሮም ቤተ መንግሥት የሚመስል፣ ዓምድና ቅስት የበዛበት ነገር ነው። ድንጋይ ግን አይደለም፤ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ብረት ነው። ባለንብረቱ ከፋብሪካ ካታሎግ ዓምድ ይመርጣል፣ ቅስት ይመርጣል፤ ተቀርጾ ይመጣለታል፣ በብሎን ይታሰራል፣ ድንጋይ የሚያስመስል ቀለም ይቀባል። ብሮድዌይና ብሩም ጎዳና የሚገናኙበት ጥግ ላይ የቆመው የሃውዋውት ሕንፃ ከእነዚህ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1857 የኤሊሻ ኦቲስ ኩባንያ ሰው የሚያመላልስ ሊፍት ገጥሞለታል፤ ደንበኞች ሸክላና ፋኖስ ሊገዙ በእንፋሎት ኃይል ሽቅብ ይወጡ ነበር። የሊንከን ባለቤት ለኋይት ሐውስ ሳህን የገዙት ከዚያው ሱቅ ነው።

እንግዲህ ከታች ሳህን የሚሸጥበት ሳሎን፣ ከላይ የሚሰፋበት፣ የሚቆረጥበት፣ የሚታሸግበት ፎቅ ነበር። ከተማዪቱ ለሰው የምታሳየው ሱቁን ነው፤ የምትደብቀው ላይኛውን ፎቅ። በሌላ አነጋገር ሎፍት የኒው ዮርክ ጓዳ ነበር ማለት ነው። ጓዳነቱም የክፉ ቀን ገመና ነበረው። ከሶሆ በእግር የአፍታ መንገድ ላይ፣ ዋሽንግተን አደባባይ አጠገብ፣ እንዲሁ የሎፍት ሕንፃ በነበረ አንድ ባለ አሥር ፎቅ ውስጥ የትራያንግል ሸሚዝ ፋብሪካ ነበር። ማርች 25 ቀን 1911 እሳት ተነሣ። በዘጠነኛው ፎቅ አንደኛው የደረጃ በር ተቆልፎ ነበር፤ 146 ሰዎች አለቁ። የሚበዙት ከአውሮፓ የፈለሱ አይሁድና ጣሊያናውያን ወጣት ሴቶች ነበሩ። ሕንፃው ዛሬም ቆሟል፤ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያስተምርበታል። ደላላ «ባለ ታሪክ ሕንፃ» ሲል ይህንን ታሪክ ለማለት ፈልጎ እንዳልሆነ መቼም ግልጽ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋብሪካዎቹ ቀስ በቀስ ወደ ሰፊና ርካሽ ቦታ ወጡ። ሰፈሩ በካርቶንና በጨርቅ ክምር ተሞልቶ እሳት ስለሚያዘወትረው የእሳት አደጋ ሰዎች «የሲኦል መቶ ኤከር» የሚል ስም አወጡለት። በዚያ ላይ የከተማዋን መንገድና ድልድይ እንደ ግል ጓሮው የሚያሰምረው ሮበርት ሞዝስ በብሩም ጎዳና ላይ አሥር መስመር ያለው ከፍ ያለ አውራ ጎዳና ለመዘርጋት ተነሣ። ሊፈርስ ነው የተባለ ሰፈር ላይ ማን ገንዘብ ያፈሳል? ኪራዩ ወረደ። መንገዱ ሳይሠራ ጸሐፊዋ ጄን ጄከብስና መሰሎቿ ታግለው በ1969 ዕቅዱን አስቀበሩት። ያልተሠራው መንገድ ግን አንድ ትልቅ ሥራ ሠርቶ አልፏል፤ ሰፈሩን ለድሃ ሰዓሊ አርክሶ ጠብቆለታል።

ሰዓሊ ሰፊ ግድግዳና ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፤ ገንዘብ የለውም። ሎፍት ደግሞ ሰፊ ነው፣ ብርሃን አለው፣ ፈላጊ የለውም። ተገናኙ። ችግሩ መኖር ክልክል ነው፤ ሕጉ የሚያውቀው ሥራ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰዓሊው ቀን ይሥላል፣ ማታ ተደብቆ ይተኛል። የሕንፃ ተቆጣጣሪ መጣ ከተባለ አልጋው ይሰወራል፣ ምድጃው ጨርቅ ይለብሳል። በ1961 ከከተማው ጋር አንድ ስምምነት ተደረገ፤ በሕንፃው ደጃፍ ላይ ኤ.አይ.አር. የሚል ምልክትና የፎቁ ቁጥር ይለጠፋል። ትርጉሙ «እዚህ ፎቅ ላይ ሰዓሊ አለ፣ እሳት ከተነሣ አትርሱት» ነው። ለሰዓሊ እስከዛሬ ከተሰጡት የመንግሥት ዕውቅናዎች ሁሉ ይኼኛው ቀጥተኛው ይመስለኛል።

ጆርጅ ማቹናስ የሚባል የሊትዌኒያ ተወላጅ አርቲስት ባዶ ሕንፃዎች እየገዛ ለሰዓሊዎች ማኅበር ያቋቁም ነበር፤ በ1967 ዉስተር ጎዳና ቁጥር 80 ላይ የጀመረው ዋነኛው ነው። ወረቀቱን ሳያሟላ ድርሻ በመሸጡ የግዛቲቱ ዐቃቤ ሕግ ሲፈልገው፣ በሩ ላይ ስለታም ምላጭ ገጠመ፤ ከአገር የወጣ እንዲመስልም ወዳጆቹ ከየአገሩ በስሙ ፖስትካርድ እንዲልኩ አደረገ። አርቲስቱ ዶናልድ ጀድ ደግሞ በ1968 ስፕሪንግ ጎዳና ቁጥር 101 ላይ ያለውን ባለ አምስት ፎቅ የብረት ሕንፃ እንዳለ በ68,000 ዶላር ገዛ። ዛሬ በዚያ ገንዘብ ሶሆ ውስጥ አንድ ሙሉ ፎቅ ይቅርና የመታጠቢያ ቤቱን እብነ በረድ መለወጥም ያጠራጥራል።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ደላላ ነግሮኝ አይደለም። ሶሆ ድረስ ለሽምግልና ሄጄ ነው።

የእህቴ ልጅ የአንድ የሶሆ ሰዓሊ ልጅ ወደደ። ልጅቷ ከነወጉ ካልሆነ አላገባም አለች፤ ፈረንጅ ባህል ሲወድ ከባለቤቱ ይብሳል። ሽማግሌ ይላክ ተባለ። ከልጁ የክርስትና አባት ጋር ሦስት ሆነን ጋቢያችንን ደርበን ከሲልቨር ስፕሪንግ በአውራ ጎዳና 95 ሽቅብ ነዳነው። መሪያችን ጋሼ ናቸው፤ ስማቸውን የሚያውቅ ሞልቷል፣ በስማቸው የሚጠራቸው ግን የለም። ሜሪላንድ ውስጥ ሳይታረቁ የተፋቱ ባልና ሚስት ካሉ ጋሼ ያልሰሙባቸው ናቸው።

የልጅቷ አባት መንገድ ድረስ ወርደው ተቀበሉን። ሰማንያ ሊደፍኑ የተቃረቡ፣ ሱሪያቸው በቀለም የተዥጎረጎረ ሰው ናቸው። ሰላምታ ሳንጨርስ ከኪሳቸው ትንሽ ማግኔት አወጡና እንደ እብነ በረድ ነጭ ሆኖ የቆመውን ዓምድ ነኩበት። ማግኔቱ ጥብቅ ብሎ ቀረ። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው ቀረብ አሉ፤ ማግኔቱን አላቀቁት፣ መልሰው አስጠጉት፣ እንደገና ጥብቅ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «አያ፣ ይኼ ሕንፃ ሜካፕ ነው የተቀባው» አሉኝ በአማርኛ።

በአገራችን ወግ ሽማግሌ ደጃፍ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፣ «እነማን ናችሁ?» ይባላል፣ «የእግዜር እንግዶች» ብሎ ይመልሳል፣ ከዚያ ይገባል። ሎፍት ግን ደጃፍ የለውም። የሚወጣው በዕቃ ሊፍት ነው፤ ሊፍቱ ደግሞ የሚከፈተው ሳሎኑ መሀል ነው። አባትየው ራሳቸው እንደ ጋሪ ነጂ ማንሻውን ይዘው ወሰዱን። ከወለሉ አንድ ስንዝር አልፎ ቆመ፤ ዝቅ አደረጉት፣ አንድ ስንዝር ጎደለ፤ ከፍ አደረጉት፣ አለፈ። በዚህ መካከል ልጅቷም፣ እናቷም፣ ውሻውም በፍርግርጉ በኩል ከጉልበታችን እስከ ጋቢያችን፣ ከጋቢያችን እስከ ጉልበታችን እያዩን ቆሙ። ፍርግርጉ ሲከፈት እኛ ሶፋው ፊት ነን። ጋሼ ግን ወግ ይቅር የሚሉ ሰው አይደሉም፤ ሳሎኑ መሀል ቆመው «ቤቶች!» አሉ። የመለሰው ውሻው ነው።

ተቀመጡ ተባልን። «ልመናችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልን። አባትየው ወንበሩ የማይመች ስለመሰላቸው ሌላ አመጡ። እምቢ አልን። ባለ ስፖንጅ አመጡ። እምቢ። ወለሉ ሠላሳ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ አባትየው ከዚያ ጫፍ ወንበር እየጎተቱ ይመጣሉ፣ እኛ ቆመን አንገታችንን እንነቀንቃለን። የወንበር ኤግዚቢሽን ሊሆን ሲል ልጅቷ ወጉን በጆሮአቸው ነገረቻቸው።

ዘር ተቆጠረ። ከሰባት ቤት በላይ ሄድን፤ ከጎጃምና ከኦሃዮ ዝምድና የሚያደርስ ሰው ስላልተገኘ በሰላም ታለፈ። ጋሼ ቀጥለው ስለ አባትየው ሥራ ጠየቁ። «ሰዓሊ» ሲባሉ ፊታቸው ትንሽ ጠቆረ፤ ሰዓሊ ማለት በጋሼ መዝገብ ገና ሥራ ያልያዘ ሰው ነው። አባትየው ግን ተነሥተው አንድ በመስታወት የታሰረ ወረቀት ከግድግዳ አወረዱ። በ1971 ከተማው ሶሆ ውስጥ መኖርን ሕጋዊ ሲያደርግ የፈቀደው ለሰዓሊዎች ብቻ ነበር፤ ሰዓሊ መሆንህን ደግሞ የከተማው የባህል ጉዳዮች መሥሪያ ቤት መርምሮ ያረጋግጥልሃል። ጋሼ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አዩት። ማኅተም አለው። «የማዘጋጃ ቤት ሰዓሊ ናቸው» ብለው ለሁለታችን አስታወቁን፤ ጉዳዩ ተዘጋ።

«እንግዲህ ቤተሰብ ጓዳ ገብቶ ይመካከርና መልስ ይስጠን» አሉ ጋሼ።

ቤተሰቡ እርስ በርሱ ተያየ። እኛም ዞር ዞር ብለን ተመለከትን። አልጋው ይታያል። ምድጃው ይታያል። ያልታጠበው ሳህን ይታያል። የአባትየው የውስጥ ሱሪ ከማሞቂያው ቧንቧ ላይ ተሰጥቶ ይታያል። አንድም ነገር የተሸሸገበት የለም። ለማኅበረ ቅዱሳን የሚበቃ ስፋት አለው፤ ለአንድ ምስጢር የሚሆን ጥግ ግን የለም። ጨንቋቸው ወደ ሩቁ መስኮት ሄዱና ጀርባቸውን ሰጥተውን ይንሾካሾኩ ጀመር። ኮርኒሱ ቆርቆሮ ነው፤ እያንዳንዷን ቃል አንከባሎ ያመጣልናል። እናትየው «የመሀሉ ሰውዬ ዳኛ ይመስላል» አሉ። አባትየው «ረጅሙ ግን ሊፍቱ ውስጥ ሲጸልይ ነበር» አሉ። ረጅሙ እኔ ነኝ። ሦስታችንም ሰምተን እንዳልሰማን አንጋጠን ኮርኒስ አየን። የሶሆን ኮርኒስ የእኛን ያህል ያጠና አርክቴክት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

እኛማ ምን ቸገረን፣ ጓዳችን ከእኛ ጋር ነው የመጣው፤ አማርኛ አለን። ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ እንኳ ሳያስፈልጋቸው «ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ ብቻ እንዲህ ቤታቸውን ሳይለስኑ ልጅ ለመዳር መቸኮላቸው ምን ነክቷቸው ነው?» አሉ። የክርስትና አባቱ «ገንዘብ ቢያጥራቸው ነዋ፤ ሰርጉን እኛው እንሸፍን» አሉ። ይህን ጊዜ ልጅቷ ከመስኮቱ ዞር ብላ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «ጋሼ፣ ሲለሰን ዋጋው ይቀንሳል» አለች። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ ጓዳ የነበረው አንድም ሰው አልቀረም።

መልሱ «እሺ» ሆነ። ተቀመጥን፣ ውስኪ ተቀዳ። የክርስትና አባቱ ግን አንድ ችግር ገጠማቸው። መጸዳጃ ቤቱን አባትየው በወጣትነታቸው በገዛ እጃቸው የሠሩት ነው፤ ቧንቧው ባለበት ሳሎን መሀል ቆሟል፣ ግድግዳውም ኮርኒስ አይደርስም። ቆርቆሮው ምን እንደሚያደርግ አይተናል። ሰውዬው ሁኔታውን መዝነው፣ እስከ ኒው ጀርሲ የመንገድ ማረፊያ ድረስ ታገሡ።

አባትየው ወለሉን ሊያሳዩን ማግኔታቸውን በክር አንጠልጥለው በሳንቃዎቹ ስንጥቅ ላይ ጎተቱት። ዝገት ከተጣበቀበት አቧራ ጋር አንዲት ጥቁር መርፌ ይዞ ወጣ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እየለቀሙ አላለቀም አሉን። እዚህ ጋ ሴቶች ተደርድረው ሲሰፉ ነበር፤ መርፌ ሲወድቅ ለማንሣት የሚቆም አልነበረም። ጋሼ መርፌዋን በመሐረባቸው ጠቅልለው ያዟት።

ከዚያ የታችኛውን ፎቅ አሳዩን። ባለቤቱ በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ የሚመጣ ሰው ነው፤ ቁልፉ ለተክል ማጠጫ ሰዓሊው ዘንድ ይቀመጣል። አንድ ዓይነት ፎቅ ነው፣ አንድ ዓይነት ጡብ፣ አንድ ዓይነት ምሰሶ፤ ነገር ግን ጡቡ ታጥቦ ተወልውሎ፣ አንድ በአንድ ሻወር የወሰደ ይመስላል። በኮርኒሱ ሥር የሚያብለጨልጭ ቧንቧ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። «ይኼ ምን ያመላልሳል?» ብለው ጋሼ ጠየቁ። «ምንም» አሉ ሰዓሊው። «ለመልኩ ነው።» በዚያ ላይ አንድም መርፌ የለም፤ ወለሉ ተፍቆ ተሞልቷል።

ጋሼን ውኃ ጠማቸው። ፍሪጅ ፍለጋ ጀመርን። ምድጃ የለም፣ ፍሪጅ የለም፣ እጀታ ያለው ነገር የለም፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጥቁር የእንጨት ግድግዳ ብቻ ነው። ጋሼ በእጃቸው ቋ ቋ እያደረጉ ሄዱ። አንዱን ሲጫኑት የወይን ጠርሙስ ወጣ። አንዱን ሲጫኑት የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ራሱ ተንሸራትቶ መጣላቸው፤ ይቅርታ ጠየቁት። አንዱን ሲጫኑት ግን ግድግዳው እንደ በር ተከፈተና ከኋላው አንድ ጠባብ ክፍል ብቅ አለ። ምድጃ፣ ማጠቢያ፣ ድስት፣ ባልዲ፣ መጥረጊያ፣ የሽንኩርት ቅርጫት፣ በመንጠቆ የተንጠለጠለ ሽርጥ።

ጋሼ ደጃፉ ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ፊታቸው በራ። «ጓዳ!» አሉ። «አላልኳችሁም? ሰው አይደሉ!»

ሰዓሊው አብራሩልን። ሀብታም ገዢዎች ክፍት ቤት ይወዳሉ፤ ነገር ግን እንግዳ ፊት ሽንኩርት እንዲከተፍ፣ ሳህን እንዲከመር አይፈልጉም። ስለዚህ የሚሠራበት ማእድ ቤት ከግድግዳ ጀርባ ይሠራላቸዋል። እንግዲህ በመቶ ሃምሳ ዓመት ውስጥ ይህች ፎቅ የተጓዘችው ይህንን ነው። መጀመሪያ እሷ ራሷ የከተማው ጓዳ ነበረች። ሰዓሊው መጣና ጓዳ ውስጥ ኖረባት። ሰፈሩ በ1973 በቅርስነት ተመዘገበ። ባለጋለሪው ሰዓሊውን ተከትሎ፣ ባለሱቁ ባለጋለሪውን ተከትሎ፣ ባለባንኩ ባለሱቁን ተከትሎ ገባ። ጓዳዋን ሳሎን አደረጓት። ሳሎን ስትሆን ደግሞ ጓዳ አነሳትና በውድ ዋጋ መልሰው ሠሩላት። ልዩነቱ ድሮ ለሚሰፋው ሰው የተሠራች ስለነበረች መስኮት ነበራት፤ አዲሷ ጓዳ መስኮት የላትም።

በ2021 ከተማው ሕጉን አሻሽሎ፣ ሰዓሊ ያልሆነ ሰውም በግልጽ እንዲኖር ፈቀደ፤ ለሰዓሊ ብቻ የተፈቀደውን ቤት ወደ ተራ መኖሪያ ለሚቀይር ግን ለኪነ ጥበብ ገንዘብ በየስኩዌር ፊቱ 100 ዶላር ይክፈል አለ። በዚህም ላይ ፍርድ ቤት ተካሰውበታል። ሰዓሊው የሚኖርበትን ቤት ስላሳመረ የራሱ ሙያ ታክስ ሆኖ መጣበት ማለት ነው።

የጋሼ መርፌ ግን ሌላ ነገር አሳሰበኝ። ስንወጣ የምድር ቤቱ ሱቅ መስኮት ላይ ሸሚዝ ተሰቅሎ ነበር። ያ ሸሚዝ ድሮ ቢሆን ከላይ ፎቅ ተሰፍቶ በዚያው ሊፍት ይወርድ ነበር። አሁን ግን ስፌቱ ከሶሆ ወጥቷል፤ ወደ ባንግላዴሽ ሄዷል፣ ወደ ቬትናም ሄዷል፣ እኛም አገር መጥቶ ነበር። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ከተመረቀ በኋላ ለአሜሪካ ሱቆች ሸሚዝና ሱሪ የሚሰፉት ከሲዳማና ከወላይታ የመጡ ልጃገረዶች ነበሩ። በጃንዋሪ 2022 አሜሪካ አጎዋ በሚባለው የንግድ ሕጓ የሰጠችንን ከቀረጥ ነፃ መብት ስታነሣ ከገዢ ኩባንያዎቹ አንዳንዶቹ ሄዱ። የኒው ዮርክ ጓዳ አልጠፋም፤ በየአገሩ እየዞረ ነው እንጂ። ሀብታም ሰው ክፍት ቤት ውስጥ መኖር የሚችለው ጓዳ ስለማያስፈልገው አይደለም። ሽንኩርቱን የሚከትፍለት፣ ልብሱን የሚያጥብለት፣ ሸሚዙን የሚሰፋለት ሰው ከዓይኑ ርቆ ስለሚኖር ነው።

የከተማ ጠባይ ይህ ከሆነ ደግሞ ለሐዋሳ ሰዎች አንድ የቢዝነስ ምክር አለኝ። ሼዶቹን እንዳትለስኑ። እንዳትቀቧቸው። በ2116 ገደማ አንድ ደላላ መጥቶ እንዲህ ብሎ ይሸጣቸዋል፦ «ኦርጅናል የቆርቆሮ ጣሪያ። ኦርጅናል የስሚንቶ ወለል። የስፌት መኪና እግር ምልክት ያለበት። ሐይቁ በእግር የሚደረስ። ከዳር እስከ ዳር ክፍት፣ ግድግዳ አልባ።» የልጅ ልጆቻችን ሊገዙ ከሄዱ ጋሼ ያስተማሩንን ይጠይቁ፤ ጓዳው የት ነው ይበሉ። ደላላው «ጓዳ የለውም» ካለ ቤቱ ውድ ነው። «ጓዳ አለው፣ ከግድግዳው ኋላ ነው» ካለ ግን ሳይከራከሩ ይውጡ፤ አይችሉትም።